ሮቤ ስትጮህ የት ይኬዳል?

ቅዳሜ ጠዋት ሮቤ ውስጥ ስንት ዓይነት ድምፅ እንደሚሰሙ ቆጥረው ያውቃሉ? ባጃጁ ተሳፋሪ ባየ ቁጥር ጥሩንባውን ይነፋል። የልብስ ሱቁ የዋጋ ቅናሹን በሞንታርቦ ይለፍፋል። ስንዴ የጫነው ሲኖትራክ ማርሽ ሲቀይር የመስኮትዎ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ጎረቤት ፎቅ እየጨመረ ነው፤ ከጓሮ በኩል ደግሞ የብረት በር ይበየዳል። ልጆችዎ ከዚህ ሁሉ በላይ ለመሰማት ይጮኻሉ፤ እርስዎም ልጆቹን ዝም ለማሰኘት ይጮኻሉ። እሰየው፣ ከተማችን አድጋለች። ዩኒቨርሲቲ አላት፣ አውሮፕላን ማረፊያ አላት፣ ሥራና ትምህርት ፍለጋ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። አንድ ቤተሰብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራበት ቦታ ግን አብሮ አላደገም።

የሁለት ልጆች እናት የሆነች ጓደኛዬ በቅርቡ «ምንም ሳልገዛ አንድ ሰዓት የምቀመጥበት ቦታ ንገሪኝ» አለችኝ። ነገሩ ገብቶኛል። ካፌ ሲገባ አስተናጋጁ አናት ላይ ይቆማል፣ ልጆቹ ኬክ አይተው ያለቅሳሉ፣ ቴሌቪዥኑ ኳስ ያስተላልፋል፣ ሂሳቡ ሲመጣ ደግሞ የተገኘችው ዕረፍት ትጠፋለች። ቤት መቀመጥም ዕረፍት አይሆንም፤ እናት ቤት ከተቀመጠች ሥራ ፈልጎ ያገኛታል። አባቶችም ብትሆኑ ዕረፍት የምትሉት ሌላ ጫጫታ ውስጥ መግባትን እንደሆነ አያለሁ፤ ለማንኛውም እሱን ለሌላ ወር ላቆየው።

ለጓደኛዬ የሰጠኋት መልስ ረዘመ። በዚህ ወር አምዴ ለእርስዎም ላካፍልዎ። አዲስ አበባ ወይም ሌላ ቦታ ሆነው የሚያነቡኝ ካሉ ደግሞ ለሚቀጥለው ጉዞዎ ያስቀምጡት፤ ባሌ ሮቤ በአውሮፕላንም በመኪናም ይደረሳል።

ከሁሉ በፊት ቦታውን ትተው ሰዓቱን ይፈልጉ። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር የምትጠጋ የደጋ ከተማ ናት። ብርዱ ሰውን ከብርድ ልብስ ቶሎ አያስወጣውም። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ድረስ ያለችው ሮቤ ከተማ፣ በ4 ሰዓት ከሚያውቋት ሮቤ ጋር የሥጋ ዝምድናም የላት። የአዛኑ ድምፅ አልፏል፤ ቤተ ክርስቲያን የሄደው ገና አልተመለሰም። (አዛንና ቅዳሴን ከጫጫታ የሚቆጥር ካለ እኔ ከእሱ ጋር የለሁበትም፤ እነሱ የከተማዋ ሰዓቶች ናቸው።) የባሕር ዛፍ ጭስ ይሸታል፣ ዋናው አስፋልት ባዶ ነው፣ ልጅዎ እጅዎን ሳይዝ ቀድሞዎት ሊሮጥ ይችላል። ከሳምንቱ አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ ጋቢ ደርበው ከልጆችዎ ጋር ይውጡ። ዳቦ ቤት ደርሶ መመለስ ብቻ እንኳ ይበቃል። ትኩስ ዳቦ የያዘ ልጅ ደግሞ ብዙ አያወራም።

ከዚያ የከተማዋን ጫፍ ይፈልጉ። ሮቤን ከየትኛውም አቅጣጫ ቢወጡ የሚያገኙት እርሻ ነው። የሲናና ሜዳ ስንዴና ገብስ የአገሪቱ እህል ጎተራ ከሚባሉት አንዱ ነው። እዚህ አገር በዓመት ሁለት ጊዜ ይታጨዳል፤ አንዱን ወቅት «ገና»፣ ሌላውን «ቦና» ይሉታል። ስንዴው ከጉልበት በላይ ሆኖ ገና ሳይደርቅ በእርሻዎቹ መሀል ባለው የእግር መንገድ መሄድ ለእኔ የሮቤ ትልቁ መናፈሻ ነው። ነፋስ ሲነካው አረንጓዴው ማሳ በሙሉ እንደ ውሃ ይሄዳል፤ ድምፁም ከውሃ ድምፅ ብዙም አይለይም። ጎባ በኩል ቀና ቢሉ ተራሮቹ ይታያሉ።

ግን መናፈሻ ነው ስልዎ የሰው ማሳ መሆኑን አይርሱ። ከእግር መንገዱ አይውጡ። ለፎቶ ብለው ልጅዎን ስንዴ መሀል አያቁሙ፤ የተረገጠ ዛላ ቀና አይልም፤ ባለቤቱ ለእርስዎ ፎቶ ብሎ አልዘራውም። ገበሬው ብቅ ካለ ቀድመው ሰላምታ ይስጡ፤ «ኦቦ» ወይም «አዴ» ብለው ይጀምሩ፤ ልጆችዎም ይስሙ። የፀረ አረም መድኃኒት በሚረጭበት ሰሞን ጨርሶ አይሂዱ፤ ሽታው ከመጣ ተመለሱ ማለት ነው። ኮምባይነር በገባበት ቀን ደግሞ ልጅ ይዞ አጠገቡ መድረስ አደጋ ነው፤ ሹፌሩ ከፊቱ ያለውን ትንሽ ሰው ላያይ ይችላል።

ወንዝ ከወደዱ ሻያ አለ፤ ከሮቤ ወደ ዲንሾ በሚወስደው መንገድ ያገኙታል። ጎባ በኩል ደግሞ ተጎና አለ። ሁለቱም ከባሌ ተራሮች ወርደው ወይብ ወንዝን የሚቀላቀሉ ናቸው። ወይብ ደግሞ ርቆ ሄዶ ሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። ልጅዎ በሻያ ላይ ቅጠል ቢጥል ቅጠሉ እድለኛ ከሆነ የት ሊደርስ እንደሚችል ይንገሩት። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ሮቤ ላይ ፀሐይ ሆኖ ተራራው ላይ ሊዘንብ ይችላል። ውሃው ሲደፈርስ ካዩ ወይም ላይ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ልጆቹን ከዳር ያርቁ።

አሁን ወደ ጎባ እንሂድ፤ ከሮቤ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ብዙ የሮቤ ሰው ጎባ የሚሄደው ለሆስፒታል ወይም ለለቅሶ ነው፤ ለመቀመጥ ብሎ የሄደ ጥቂት ነው። ጎባ ከፍ ያለች ናት፣ ወደ 2,700 ሜትር። የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ ያ ዘመን በመንገዶቿና በዛፎቿ ላይ ቀርቷል። ጥድ አለ፣ ባሕር ዛፍ አለ፣ ሰፊ ግቢ አለ። የፈረስ ጋሪ ሲያልፍ ኮቴው ይሰማል። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ በዋናው መንገድ ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው አቅጣጫ በእግር ይውጡ። ቤቶቹ እየሳሱ ዛፎቹ እየበዙ ይሄዳሉ። ደክሞዎት ሲቆሙ ከተማዋ ከታች ጭሷን ስታወጣ ያያሉ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። እኛ ከሮቤ ሄደን «ጎባ እንዴት ጸጥ ያለች ናት» እንላለን። የጎባ ሰው ይህን ሲሰማ ሁልጊዜ አይደሰትም። ጽሕፈት ቤቱ፣ ነጋዴው፣ ኮንትራክተሩ ወደ ሮቤ ሲያዘነብል ጎባ ላይ የቀረው ጸጥታ ለባለ ሱቁ ገበያ ማጣት ነው። እኛ ለጆሯችን የምንመኘውን እሱ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ይፈራዋል። ስለዚህ ጎባ ለማረፍ ሲሄዱ ምሳዎን ከሮቤ ቋጥረው አይሂዱ፤ እዚያው ይብሉ፣ ሻይዎን እዚያው ይጠጡ፣ የመመለሻ ዳቦዎን እዚያው ይግዙ። ጓደኛዬ «ሳልገዛ» ብላኝ ነበር፤ ለጎባ ሲባል ግን ትንሽ ትግዛ።

የዚህ ሁሉ ዋናው ዲንሾ ነው። በደንብ ላቆይዎት የፈለግሁትም እዚህ ላይ ነው።

የድሮዋን አሥር ሳንቲም ያስታውሷታል? በአንድ ፊቷ አንበሳ፣ በሌላው ቀንዱ የተጠማዘዘ አጋዘን ያለባት። ያ እንስሳ የደጋ አጋዘን ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ የትም የለም፤ በብዛት የሚገኘውም በእኛው በባሌ ነው። ለዓለም ሳይንስ የተዋወቀው እንኳ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው፤ ለአካባቢው ሰው ግን ያኔም አዲስ አልነበረም። ይህን እንስሳ ለማየት ሰዎች ከአውሮፓ ተነስተው፣ ሁለት አውሮፕላን ቀይረው፣ ከባድ ካሜራ ተሸክመው ይመጣሉ። ከሮቤ ዲንሾ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስኪ ልጅዎን ይጠይቁት፤ አይቶታል? የትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ አይቼዋለሁ ካለዎት ብቻውን አይደለም። ሮቤ ተወልደው ሮቤ ዩኒቨርሲቲ የገቡ፣ ዲንሾን ግን በአውቶቡስ መስኮት ብቻ የሚያውቋት ወጣቶች አውቃለሁ። ለእኛ የተደበቀው ቦታ ይኸው ነው፤ ዋናው መንገድ ዳር፣ የፓርክ ምልክት ተተክሎለት።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። ስፋቱ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጡ ወቅት ተዘርፎ፣ የአጋዘኑም ቁጥር ክፉኛ ቀንሶ ነበር፤ ከዚያ ቀስ በቀስ አገገመ። መስከረም 2016 ዓ.ም. ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ያን ሰሞን ሁላችንም ስልካችን ላይ «እንኳን ደስ አለን» ተባብለናል። ስንቶቻችን ሄድን?

ለቤተሰብ የሚመቸው የዋናው መሥሪያ ቤት ግቢና በዙሪያው ያለው ኮረብታ ነው። ጥድና ኮሶ የበቀለበት ነው። የኮሶ ዛፍ ቅርፊቱ እንደ አሮጌ ወረቀት ይላጣል፤ ግንዱ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ይንጠለጠላል፤ ልጆች «ጺም ያለው ዛፍ» ይሉታል። አጋዘኖቹ እዚህ ሰው ስለለመዱ ብዙ አይሸሹም። ሴቶቹ ከግልገሎቻቸው ጋር ተቀምጠው ሲያመሰኩ ሃያና ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቀት ላይ ቆመው ማየት ይችላሉ። ወንዱ ከበድ ያለ ነው፤ ከዛፉ ጥላ ውስጥ ቀንዱ መጀመሪያ ይታያል፣ አካሉ በኋላ። ከርከሮ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሣር ሲግጥ ልጆችዎ ይስቁበታል። የምኒልክ ድኩላ ከደነገጠ እንደ ውሻ ስለሚጮህ እናንተም አትደንግጡ።

መግቢያ ይከፈላል፤ ለኢትዮጵያዊ የሚጠየቀው ከውጭ ጎብኚ በጣም ያነሰ ነው። አስጎብኚ ይያዙ። ብዙዎቹ የዲንሾ ልጆች ናቸው፤ እኛ ቁጥቋጦ የምናይበት ቦታ እነሱ ሦስት አጋዘን ያያሉ። ከዲንሾ በአዳባ አቅጣጫ ጥቂት ኪሎ ሜትር አለፍ ሲሉ ደግሞ ጋይሳይ የሚባለው ሜዳ አለ፤ ጠዋት ማልደው ከደረሱ ሣሩ ላይ ጤዛ እያለ መንጋውን ሲግጥ ያገኙታል። መኪና ይዘው ከሄዱ በዚያ መንገድ ላይ ፍጥነትዎን ይቀንሱ። መንገዱ በመኖሪያቸው መሀል ነው የሚያልፈው፤ አጋዘን ግራና ቀኝ አይቶ አይሻገርም።

«ልጆቼ አምስት ደቂቃ ዝም አይሉም» የሚሉ ይኖራሉ። የእኔዎቹም አይሉም ነበር። እኛ ቤት የሠራችውን ጨዋታ ልንገርዎ። አንድ ቦታ እንቀመጣለን፤ ዓይን ይጨፈናል፤ አዲስ ድምፅ በሰሙ ቁጥር አንድ ጣት ያጥፋሉ። አሥሩ ጣት ካለቀ በኋላ ዓይን ይከፈትና እያንዳንዱ የሰማውን ይናገራል። ሮቤ አስፋልት ዳር ብንጫወተው አሥሩ ጣት በግማሽ ደቂቃ ያልቃል፤ ባጃጅ፣ ባጃጅ፣ ባጃጅ እያለ። ዲንሾ ላይ የመጀመሪያው ጣት ለነፋስ ይታጠፋል። ሁለተኛው ለጋጋኖ፤ ሲጮህ ጸጥታ የሚባል አያውቅም፤ ያስቃቸዋል። ከዚያ ይቆያል። ልጁ ፊቱን አጨማዶ ያዳምጣል። ሣር ሲቀነጠስ ይሰማል። የራሴን ልብ ሰማሁ ያለኝ አለ። ትንሿ ልጄ ግን እስከ ዛሬ «የቢራቢሮ ድምፅ ሰምቻለሁ» ትላለች፤ እኛም አንከራከራትም።

ዓለም ላይ ለዚህ ብለው የደከሙ አሉ። አሜሪካ ውስጥ ጎርደን ሄምፕተን የሚባል የድምፅ ቀራጭ በ2005 እ.ኤ.አ. ኦሎምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ጫካ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቀይ ድንጋይ ግንድ ላይ አስቀመጠ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ይህች አንዲት ነጥብ ከሰው ሠራሽ ድምፅ ነፃ ብትሆን፣ በዙሪያዋ ብዙ ኪሎ ሜትር አብሮ ጸጥ ይላል። እዚያ አገር ለጸጥታ ድንጋይ ማስቀመጥ አስፈለጋቸው። እኛ ድንጋዩም ጫካውም አለን።

ከዲንሾ ቀጥሎ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ሳነቴ ነው። ከጎባ ወደ ደቡብ የሚወጣው መንገድ አንድ ሰዓት ገደማ ወጥቶ 4,000 ሜትር ላይ ያደርስዎታል። ዛፍ የለም። ጅባራ ብቻውን እንደ ዘብ ቆሟል፤ መሬቱ በፍልፈል ጉድጓድ ተበሳስቷል፤ ትንንሽ ኩሬዎች ሰማዩን ይዘው ተኝተዋል። ቱሉ ዲምቱ፣ ትርጉሙ «ቀይ ተራራ»፣ 4,377 ሜትር ከፍታው ላይ እስከ አናቱ መኪና ይወጣል። እዚያ ላይ ሞተሩን አጥፍተው ከመኪና ሲወርዱ የሚሰሙት ዝምታ ጆሮ ላይ ይከብዳል። ያስፈራልም። ለአዋቂ እመክራለሁ፤ ለሕፃን አልቸኩልም። ከጎባ ተነስተው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ወጥተዋል ማለት ነው፤ ሰውነት ለዚያ ጊዜ ይፈልጋል። ልጅዎ ራሴን አመመኝ ካለ፣ ካስመለሰው ወይም ያለ ወትሮው ከደከመ፣ መድኃኒቱ ወዲያው ወደ ታች መመለስ ነው። «ትንሽ እንይና» አይሠራም። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበትና ነፍሰ ጡር ሴት ሐኪም ሳያማክሩ ባይወጡ ይሻላል። ፀሐዩ ቀዝቃዛ መስሎ ያቃጥላል፤ ባርኔጣ ያድርጉ። ነፋሱ ደግሞ ጋቢም ይበሳል።

ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ እዚህ ባሌ ነው። ሲያድን ብቻውን ነው፤ በቀን ፍልፈል ጉድጓድ ላይ ጆሮውን አሹሎ ይቆማል። ከእሱ ዝምታ መማር ይቻላል። ትልቁ ጠላቱ ጥይት አይምሰልዎ። ከቤት ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ባሌ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ መንጋውን ጨርሶታል። ስለዚህ ውሻ ይዘው ወደ ፓርኩ አይሂዱ። እርስዎ ባይሄዱም እንኳ ሮቤ ወይም ጎባ ግቢዎ ውስጥ ያለውን ውሻ ያስከትቡ፤ ለልጆችዎም ለቀበሮውም ነው።

ከሳነቴ ማዶ ቁልቁል ሐረና ጫካ ይጀምራል፤ አስታው፣ ቀርከሃው፣ ጫካ ውስጥ ራሱ የበቀለው ቡና፣ የሪራ ማር። የባሌ ጦጣ ቀርከሃውን እየቀነጠሰ የሚኖረው እዚያ ነው። ስለ ሐረና በአንድ አንቀጽ መጻፍ ግፍ ነው፤ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስም እንዲሁ። ራሱን የቻለ ወር እሰጠዋለሁ።

አሁን ደስ የማይለኝን ክፍል ልጻፍ። ጸጥ ያለ ቦታ በመጽሔት ላይ ሲጻፍ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። መጀመሪያ ሁለት ቤተሰብ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ሠርገኛ ለፎቶ ይሄዳል፤ ከዚያ አንዱ መኪናውን አቁሞ አራቱንም በር ይከፍትና ሙዚቃውን ይለቀዋል። ሲመለሱ ፌስታልና ባዶ ሃይላንድ ይቀራል። ለዚህ ነው ከላይ የጠቀስኳቸው ቦታዎች ሁሉ ወይ ጠባቂ ያላቸው፣ ወይ ባለቤት ያላቸው፣ ወይ እንደ ጎባ ጎዳና የሁሉም የሆኑት። አንድ የምወዳት ቦታ አለች፤ ምንጭ ናት፣ ሴቶች ውሃ ይቀዱባታል፣ እረኛ ከብት ያጠጣባታል፣ ሁለት አሮጌ ጥድ አሉባት። የት እንደሆነች አልነግርዎም። ቅር አይበልዎ። የእኔ ብትሆን እነግርዎት ነበር፤ የነዚያ ሴቶች ናት። ጀሪካን ይዘው ሲመጡ አሥር ባለ መነጽር ሰው ተቀምጦ ቢያገኙ የሚያርፉበት ቦታ ያጡት እነሱ ናቸው። እኔ ስሄድ ቀድሜ ሰላም እላለሁ፣ ጀሪካን አነሣሣለሁ፣ ፎቶ አላነሣም።

እርስዎም በሰፈርዎ እንዲህ ያለች ቦታ አያጡም። ምናልባት ከቤትዎ ጀርባ ያለ የወንዝ ዳር ነው፤ ምናልባት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለ የዛፍ ጥላ፤ ምናልባት ገና ያልተሠራበት ባዶ ቦታ። ባዶ ቦታው ግን ብዙ አይቆይም። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ መብራት፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ኮብልስቶን ሲጠየቅ ሰምቻለሁ፤ «ከወንዙ ዳር ሃያ ሜትር ተዉልን፣ ሦስት አግዳሚ ወንበር አስቀምጡልን» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ እኔ እጄን አወጣለሁ። ጥያቄው ቅብጠት የሚመስለው ካለ አንድ ከሰዓት የጓደኛዬን ልጆች ይጠብቅልኝ። ሮቤ ዛሬም ጠርዝ አላት፤ ልጆቼ ልጅ ሲወልዱ ግን ስንዴው የት ድረስ ይሸሽ ይሆን?

እንግዲህ ለሚመጣው ቅዳሜ ዲንሾን ካሰቡ ይህን ይያዙ። ከአንድ ቀን በፊት የመንገዱን ሁኔታ የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ደረቅ ስለሆነ ለእግር ይመቻል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፤ በሌላ ጊዜ የዝናብ ልብስ አይለይዎት። ጫማ የሚታሰር ይሁን። ለልጆች ጩኮ ይቋጥሩ፤ የገብሱ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ ቀኑን ሙሉ ይይዛል፤ አይፈስ፣ አይበላሽ፣ ማሸጊያ የለው። ሻይ በፔርሙስ። እሳት በጭራሽ አያንድዱ፤ በደረቁ ወራት አስታው እንደ ጭድ ነው የሚያያዘው። የያዙትን ፌስታል ይዘው ይመለሱ፤ ሌላ ሰው የጣለውን አንድ ሁለት ቢጨምሩበት ልጆቹ ያያሉ። ስልክዎን ድምፁን ያጥፉት፤ ለፎቶ ይጠቀሙበት፣ ግን ቪዲዮ ከፍተው አያሰሙን። በሚኒባስ ከሄዱ ደግሞ ሲመሽ ከዲንሾ ወደ ሮቤ የሚመለስ መኪና ስለሚሳሳ ከ10 ሰዓት በፊት አስፋልቱ ላይ ይውጡ፤ ልጆቹ «ትንሽ ብቻ» ብለው ይለምኑዎታል፣ አሥር ደቂቃ ይጨምሩላቸው።